38 ጊጋባይት የሎግ ፋይል ከተርሚናል ላይ እንዴት ይታያል?

የሌሊት ተረኛ | ረቡዕ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። የክፍያ ሥርዓት በሚሠራበት አንድ ሰርቨር ላይ የሎግ ፋይሉ (ፕሮግራሙ የሠራውን እየመዘገበ የሚጽፍበት) 38 ጊጋባይት ደርሷል። ማን እንዲህ እስኪያብጥ እንደተወው አልጠይቅም፤ እኔ የተረከብኩት ካበጠ በኋላ ነው። ሰርቨሩ ኡቡንቱ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ የምገባውም ከርቀት በኤስኤስኤች ነው፤ ከጥቁሩ ተርሚናል ሌላ ምንም የለኝም።

አንድ ደንበኛ ለጥቅምት 5 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ከሒሳቡ ሁለት ጊዜ እንደተቆረጠበት አመልክቷል። እኔ የምፈልገው በዚያ ሰዓት አካባቢ የተጻፉትን መስመሮች በዓይኔ ማየት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ፋይሉን በ«ናኖ» የጽሑፍ ማረሚያ ሊከፍተው ሞክሮ ሰርቨሩ መተንፈስ አቅቶት ነበር። ወደ ላፕቶፔ ልቅዳው ብዬ ሳሰላ ደግሞ በቢሮአችን በሰከንድ 10 ሜጋቢት መስመር ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ደረቅ ዲስክ

«ካት» (ፋይሉን የሚያፈሰው ትእዛዝ) በዪና በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው «|») ገጽ በገጽ ወደሚያሳየው «ሌስ» ላኪው። ሁላችንም የምናደርገው እንደዚያ ነው። ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

ጋሽ መዝገቡ

ደረቅ ዲስክ፣ «ሌስ» ማለትህ ደግ ነው፤ «ካት»ን ከፊቱ ማስቀደምህ ግን ነገሩን ሁሉ ያበላሸዋል። «ሌስ» ፋይሉን በስሙ ሲሰጡት ዲስኩ ላይ ወደ ፈለገው ቦታ ዘሎ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁራጭ ብቻ ያነባል። በፓይፕ ሲመጣለት ግን ያለፈውን መልሶ የሚያገኝበት መንገድ ስለሌለው ያነበበውን ሁሉ ራም ውስጥ ያከማቻል። ወደ መጨረሻው ውሰደኝ ብትለው 38 ጊጋባይቱን ሊውጥ ይነሳል፤ ያ ሰርቨር ደግሞ 4 ብቻ ነው ያለው። ናኖም የወደቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ጠቅላላውን ፋይል ራም ውስጥ ካላስገባ አንዲት ፊደል አያሳይም።

የሌሊት ተረኛ፣ ልጄ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ትእዛዞቹን እንደ ወትሮው እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ፤ ስትተይቢ በላቲን ፊደል ነው።

«ሌስ -ኤስ -ኤን» ብለሽ የፋይሉን ስም አስከትዪ። ኤሱ ትልቁ ነው፣ ኤኑ ትንሹ። ፋይሉ 38 ኪሎባይት ይሁን 38 ጊጋባይት የመጀመሪያው ገጽ ወዲያው ይመጣል። ትልቁ ኤስ ረጃጅም መስመሮች እየታጠፉ ስክሪኑን እንዳያጥለቀልቁት ጠርዝ ላይ ይቆርጣቸዋል፤ የተቆረጠው አይጠፋም፣ በቀኝ ቀስት ቁልፍ ታይዋለሽ። ትንሹ ኤን ደግሞ የመስመር ቁጥር ከመቁጠር ያሳርፈዋል። ይህቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን «ሌስ» አንድ መስመር ስንተኛ እንደሆነ ለመናገር ከፋይሉ መጀመሪያ ጀምሮ መቁጠር ይኖርበታል፤ በትልቅ ፋይል ላይ ሰዎች «ደርቆ ቀረ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንን ቆጠራ ነው። ቆጠራ ከጀመረብሽ ኮንትሮልና ሲ ተጫኚ፤ ቁጥሩን ትቶ ይቀጥላል።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ሎግ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚጻፍ ስለሆነ ገጽ በገጽ መሄድ አያስፈልግም። 50 ብለሽ ትንሹን ፒ ስትጫኚ በቀጥታ የፋይሉ ግማሽ ላይ ታርፊያለሽ። ቀኑን አንብቢ። የምትፈልጊው ከዚያ በኋላ ከሆነ 75 ብለሽ ፒ፤ አለፍኩት ካልሽ 62.5 ብለሽ ፒ። ነጥብ ያለው ቁጥርም ይቀበላል። እያንዳንዱ ዝላይ የቀረውን ፍለጋ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ አሥር ጊዜ ብትዘዪ 38 ጊጋባይቱ ወደ 38 ሜጋባይት ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን በእዝባር ምልክት «/» ፈልጊ፤ ትንሹ ኤን ወደ ቀጣዩ፣ ትልቁ ኤን ወደ ቀደመው ይወስድሻል። የጥያቄ ምልክት «?» ወደ ኋላ ይፈልጋል።

ጥሩ ቦታ ስታገኚ ትንሹን ኤም ተጫኚና አንድ ፊደል ስጪው፤ ለምሳሌ ኤ። ከዚያ የትም ብትሄጂ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስና ኤ ስትጫኚ እዚያው ይመልስሻል። ሁለት ክፍያዎችን ለማነጻጸር ይህን የመሰለ የለም።

ለወጣቶቹ ደግሞ ይህን ልበል። ከ«ሌስ» በፊት የነበረውን ገጽ አሳይ «ሞር»ን በ1978 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የጻፈው ዳንኤል ሃልበርት ነው። ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መመለስን አያውቅም ነበር። ማርክ ኑደልማን ከ1983 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት «ሌስ»ን የጻፈው ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነው። ዛሬም ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ወደ ታች ለማንሸራተት ብቻ ነው፤ ያሳዝነኛል።

ሰው በአሽበርን

ጋሽ መዝገቡ እንዳሉት ነው፤ እኔ የምጨምረው ከመዝለልሽ በፊት መታየት ያለበትን ነው። ሎጉ የሚጻፈው በየትኛው ሰዓት ነው? «ቴይል -ኤን 1» ብለሽ የመጨረሻውን መስመር እዪ፤ ወዲያው «ዴት» በዪ፤ ሁለቱን ከእጅ ሰዓትሽ ጋር አስተያዪ። የሰርቨሩ ሰዓት አንድ ሆኖ ፕሮግራሙ በሌላ ሰዓት የሚጽፍበት ጊዜ ስላለ «ዴት» ብቻውን አይበቃም።

ሎጉ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚጻፍ ከሆነ «ከሌሊቱ 8» ያልሽው ውስጡ 8 ተብሎ አይገኝም፤ 2 ተብሎም አይገኝም። በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት 02:00 ነው፤ ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ሎጉ 23:00 ብሎ ነው የሚጽፈው። ቀኑም አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጥቅምት 5 ቀን 2017 ኦክቶበር 15 ቀን 2024 ነው፤ አጥቢያው ደግሞ በዩቲሲ ገና ኦክቶበር 14 ነው። ስለዚህ የምትዘዪበት ቦታ 2024-10-14 23:00 ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ ሆኜ ከአገር ቤት የሚላኩ አቤቱታዎችን ሳይ «ሎጉ ውስጥ የለም» ከሚባለው ብዙው አለ፤ የተፈለገው በሌላ ቀን ነው። ደንበኛውን ደግሞ «8 ሰዓት» ሲል በየትኛው ሰዓት እንደሚቆጥር ጠይቁት፤ ስልኩ ላይ ያለውን ሰዓት አንብቦም ሊሆን ይችላል።

የቪም ልጅ

ለምን በ«ቪም» የጽሑፍ ማረሚያ አትከፍቺውም? በማንበቢያ ብቻ፣ ያለ ስዋፕ ፋይል፣ ያለ ምንም ማቀናበሪያ ከተከፈተ ይችላል። እኔ ትልልቅ ፋይሎችን እንደዚያ ነው የማያቸው።

ደረቅ ዲስክ

የቪም ልጅ፣ ያንተ «ትልልቅ» 300 ሜጋባይት ይሆናል። ቪምም ፋይሉን እስከ መጨረሻው ሳያነብ አይለቅም። 4 ጊጋ ራም ባለው የክፍያ ሰርቨር ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ አይደረግም፤ ራሙ ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱ አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ የሚገደለው ያንተ ቪም ካልሆነና የክፍያው ፕሮግራም ከሆነስ?

ጋሽ መዝገቡ፣ የፓይፑን ነገር ተቀብያለሁ። ፋይሉ በጂዚፕ ከተጨመቀ ግን ምን ምርጫ አለ?

ጋሽ መዝገቡ

ለተጨመቀው «ዚሌስ» አለ፤ ግን እሱም ከጀርባው ፓይፕ ነው፤ በመቶኛ መዝለል የሚባለው ነገር አይሠራልህም ማለት ይቻላል። ጂዚፕ መሐል ላይ ገብቶ መነበብ አይወድም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ መፈታት አለበት። ስለዚህ ለተጨመቀ ፋይል መጀመሪያ በ«ዚግሬፕ» የሚፈለገውን ቀንና ሰዓት ለይተህ ወደ ትንሽ ፋይል አውጣ፤ ከዚያ ትንሹን በ«ሌስ» ክፈት።

የሌሊት ተረኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በተለይ ለሰዓቱ ነገር። ሎጉ በእርግጥም የሚጻፈው በዩቲሲ ነው። በመቶኛ እየዘለልኩ ቦታውን አግኝቻለሁ፤ እንዲህ በቀላሉ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ እንዲህ ያለ አቤቱታ በየሳምንቱ ይመጣል። በእጅ ከመዝለል ይልቅ የዚያን ግማሽ ሰዓት መስመሮች ብቻ ቆርጦ የሚያወጣ ትእዛዝ የለም?

ሰው በአሽበርን

አለ፤ ግን አስቀድመን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቃል ፈላጊው «ግሬፕ» ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ነው የሚያነበው። ዲስኩ በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚያነብ ከሆነ 38 ጊጋባይት ለመጨረስ ከአራት ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ 500 ከሆነ ከደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ይህ አንድ ጊዜ ሲሆን ምንም አይደለም፤ ችግሩ ሰው አንዱን ቃል ፈልጎ፣ እንደገና ሌላ ቃል፣ እንደገና ሌላ እያለ ፋይሉን ደጋግሞ ሲያስነብበው ነው። የክፍያው ፕሮግራምም በዚያው ዲስክ ላይ ይጽፋል።

ስለዚህ ረጅሙን ንባብ አንድ ጊዜ ብቻ እናድርገው፦

«ግሬፕ -ቢ -ኤም 1 '2024-10-14 23:0' ፔይመንት.ሎግ»

ሁለቱም ትንሽ ፊደሎች ናቸው። -ኤም 1 የመጀመሪያውን ሲያገኝ አቁም ማለት ነው፤ -ቢ ደግሞ ያ መስመር ከፋይሉ መጀመሪያ ስንተኛው ባይት ላይ እንደሚጀምር ከፊቱ ይጽፍልሻል። ያ ቁጥር ቁልፍ ነው። ለምሳሌ 29500000000 ካለሽ፦

«ቴይል -ሲ +29500000001 ፔይመንት.ሎግ | ሄድ -ሲ 50000000 > ግማሽሰዓት.ሎግ»

አንድ የጨመርኩት ግሬፕ ከዜሮ፣ ቴይል ከአንድ ስለሚቆጥሩ ነው። ቴይል በዚህ መልኩ ሲታዘዝ የፊተኛውን አያነብም፤ በቀጥታ ወደዚያ ባይት ይዘላል፤ ሄድ 50 ሜጋባይት ሲሞላ ፓይፑን ይዘጋዋል። ውጤቱ በሰከንድ ውስጥ የሚደርስ፣ እንደ ልብ የሚገላበጥ ትንሽ ፋይል ነው። ቁጥሩን ለ«ሌስ» መስጠትም ይቻላል፤ ባይቱን ጽፈሽ ትልቁን ፒ ብትጫኚ እዚያው መስመር ላይ ያደርስሻል።

ብዙ ሰው «ሴድ» ተጠቅሞ ከዚህ መስመር እስከዚያ መስመር ቁረጥ ይላል። ይሠራል፤ ግን መጨረሻ ላይ ኪው (አቁም የሚለው ፊደል) ካልተጨመረበት የሚፈለገውን ካወጣ በኋላም የቀረውን 20 ጊጋባይት ዝም ብሎ እያነበበ ይቀመጣል። ሰው ደግሞ ያልጨረሰ መስሎት ይጠብቀዋል።

ጋሽ መዝገቡ

ሰው በአሽበርን መልካም ብሏል። እኔ የረሳነውን «ሉክ» ላስታውስ። በቅደም ተከተል የተጻፈ ፋይል ላይ ያንኑ የግማሽ በግማሽ ዝላይ ራሱ ያደርገዋል፤ «ሉክ '2024-10-14 23:0' ፔይመንት.ሎግ» ቢሉት በዚያ የሚጀምሩትን መስመሮች ብቻ ወዲያው ያወጣል። ግን ግትር ነው። እያንዳንዱ መስመር በቀን መጀመር አለበት። የጃቫ ፕሮግራም ስሕተት ሲገጥመው የሚተፋው ያ ሰላሳ መስመር ዝርዝር መሐል ላይ ካለ ቅደም ተከተሉ ስለሚሰበር መንገዱን ይስታል፤ ስቼአለሁም አይልም፤ ዝም ብሎ ባዶ ይመልሳል። ሎጉ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ይጠቀሙበት።

የቃል ሰብሳቢ

ጥያቄው ከሎግ ወጣ ይላል፤ ግን ቦታው ይህ ይመስለኛል። እኔ የምሠራው ከአማርኛ ጽሑፍ ክምችት ጋር ነው። ድረ ገጾች፣ የዊኪፒዲያ ሙሉ ቅጂ፣ የመጻሕፍት ጽሑፍ፤ ተደምሮ ብዙ ጊጋባይት ሆኗል። በራሴ ላፕቶፕ ላይ «ሌስ» ሸጋ አድርጎ ያሳየኛል፤ ዩኒቨርሲቲው የሰጠን ሰርቨር ላይ ግን በፊደል ፋንታ <ኢ1><88><80> እያለ በቁጥር ያጥለቀልቀኛል። ሁለተኛ፣ በ«ሄድ -ሲ» የመጀመሪያዎቹን 1000 ባይቶች ሳወጣ መጨረሻው ላይ የተሰበረ ምልክት ይመጣል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

ሰው በአሽበርን

ፋይሉ ደህና ነው። ያየኸው <ኢ1><88><80> ራሱ «ሀ» ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ የተሰጠው ቦታ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት በሚጻፉበት ሥርዓት) ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት የሚጠይቅ ነው፤ ከሀ እስከ ፐ ያለው ሁሉ በኢ1 ይጀምራል። አራት ነጥቡም ሦስት ባይት ነው። ሰርቨሩ ቋንቋው «ሲ» ተብሎ ስለተቀመጠ «ሌስ» ሦስቱን ባይት እንደ አንድ ፊደል መቁጠር እንዳለበት አላወቀም። «ሎካል» ብለህ አሁን ያለውን እይ፤ ከዚያ «ኤክስፖርት ኤልሲ_ኦል=ሲ.ዩቲኤፍ-8» በለው። ይህን መንካት ካልተፈቀደልህ «ሌስቻርሴት» የሚባለውን ተለዋዋጭ ዩቲኤፍ-8 ብለህ ብትሞላው ለ«ሌስ» ብቻ ይበቃዋል።

የሄድም ነገር ያው ነው። 1000 ባይት ስትለው ፊደሉ መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ለሦስት በሚካፈል ቁጥር እቆርጣለሁ ብትል አይሆንም፤ ባዶ ቦታና አዲስ መስመር አንድ አንድ ባይት ስለሆኑ ቁጥሩ አይገጥምም። ወይ በመስመር ቁረጥ፣ ወይ የተሰበረውን ጫፍ በ«አይኮንቭ -ሲ» አስወግደው። ካላስወገድከው በኋላ «ግሬፕ» ጽሑፍህን «ባይነሪ ፋይል» ነው ብሎ መስመሮቹን ላያሳይህ ይችላል፤ ያኔ -ኤ ጨምርበት።

የቃል ሰብሳቢ

ተሳክቷል፤ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ለሌሎች የሚጠቅም ነገር ልጻፍ፤ የአማርኛ ፍለጋ ከእንግሊዝኛው የሚለይበት ቦታ አለና።

«ሰላም»ን ስፈልግ «ሠላም» ብሎ የጻፈውም እንዲመጣልኝ እፈልጋለሁ። «ሌስ» ውስጥ እዝባሩን ተጭኖ «[ሰሠ]ላም» ማለት ይበቃል። ለ«ዓለም» ደግሞ «[አኣዐዓ]ለም»። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ነገር ግን ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አለ፤ «ግሬፕ»ን ከመጥራትህ በፊት «ኤልሲ_ኦል=ሲ» በል ይላሉ። ለእንግሊዝኛ እውነት ነው። ለእኛ ግን የአራት ማዕዘን ቅንፉን ትርጉም ይለውጠዋል።

ሰ የተጻፈው በኢ1፣ 88፣ ቢ0 ነው፤ ሠ በኢ1፣ 88፣ ኤ0። በ«ሲ» ቋንቋ ውስጥ ቅንፉ ሁለት ፊደል መሆኑ ይቀርና ልቅ የባይቶች ስብስብ ይሆናል፤ ከነዚህ ባይቶች አንዱ ካለና ከኋላው «ላም» ከተከተለ ይበቃዋል። «ለ» የሚጻፈው በኢ1፣ 88፣ 88 ነው፤ የመጨረሻው ባይቱ ስብስቡ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሰላም ስፈልግ «ለላም የሚሆን መኖ» የሚል መስመር ያመጣልኛል! ስሕተት የሚል ምልክት የለውም፤ ቆጠራዬ ብቻ ዝም ብሎ ከፍ ይላል። ማንኛውንም ፊደል የምትወክለው ነጥብ ምልክቷም እንደዚሁ ናት፤ ፊደል መቁጠሯን ትታ ባይት ትቆጥራለች።

በፍጥነቱ ለመጠቀም የሚፈልግ ቅንፉን ትቶ ሙሉ ቃላቱን ይዘርዝር፦ «ኤልሲ_ኦል=ሲ ግሬፕ -ኢ 'ሰላም|ሠላም'»፤ ኢዋ ትልቋ ናት። ሙሉ ቃል ሲሆን የባይቶቹ ቅደም ተከተል ስለሚጠበቅ አይስትም። «ፀሐይ»ን ግን በዚህ መንገድ መዘርዘር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፣ ጸሃይ፤ ገና አላለቀም።

ደረቅ ዲስክ

ለላም! ይህንን አስቀምጬዋለሁ።

መስኮት ወዳጅ

ሁላችሁም ሊኑክስ ትላላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ያለን ሰዎችስ?

ሰው በአሽበርን

ፓወርሼል ውስጥ «ጌት-ኮንቴንት -ቴይል 50» የመጨረሻዎቹን 50 መስመሮች ያሳይሃል፤ «-ዌይት» ብትጨምርበት የሚጻፈውን እየተከተለ ያሳያል። ያለ «-ቴይል» ግን ሙሉውን ፋይል በተለዋዋጭ ውስጥ እንዳታስቀምጥ፤ እያንዳንዱን መስመር ዲስክ ላይ ከሚወስደው ቦታ በሚበልጥ ራም ነው የሚይዘው። ለቀረው ሁሉ ዊንዶውስ ውስጥ የሊኑክስ ንዑስ ሥርዓቱን አስገብተህ ይህንኑ «ሌስ» ተጠቀም። «ጊት» የጫነ ሰውም ከሱ ጋር በሚመጣው ባሽ ውስጥ ያገኘዋል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ የኔ ችግር ለየት ይላል። ጄሰን ፋይል (መረጃ በቅንፎች ተደራጅቶ የሚጻፍበት) ነው፣ 3 ጊጋባይት። «ደብልዩሲ -ኤል» ስለው ዜሮ ይላል። «ሌስ» ደግሞ ይከፍታልና አንድ ነገር ስፈልግበት ይቆማል።

ጋሽ መዝገቡ

ዜሮ ያለው ፋይሉ ሙሉ በሙሉ አንድ መስመር ስለሆነ ነው፤ «ደብልዩሲ» የሚቆጥረው የመስመር መጨረሻ ምልክቶችን ነው። እስካሁን ያወራነው ሁሉ የቆመው ፋይሉ በመስመር የተከፋፈለ ነው በሚል ነው፤ ያንተ ላይ «ግሬፕ» አንድ ነገር ቢያገኝ ሦስቱንም ጊጋባይት እንደ አንድ መስመር ይተፋብሃል። መጀመሪያ «ሄድ -ሲ 2000» ብለህ ቅርጹን ተመልከት። ከዚያ ለማየት ያህል ከሆነ «ቲአር» በሚባለው ትእዛዝ የማይጠቅመውን አንድ ምልክት፣ ለምሳሌ መዝጊያውን ጥምዝ ቅንፍ፣ ወደ አዲስ መስመር ለውጠህ ወደ ሌላ ፋይል አውጣው። ጄሰንነቱ ይፈርሳል፤ ለዓይን ግን ይበቃል። የጄሰን ማንበቢያው «ጄኪው» አምሮ የተደረደረ ያወጣልሃል፤ ነገር ግን ሙሉውን ራም ውስጥ አስገብቶ ነው፤ 3 ጊጋባይቱ ራም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያብጣል። «--ስትሪም» የሚል ምርጫ አለው፤ ራም ይቆጥባል፤ አጻጻፉ ግን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

የሌሊት ተረኛ

ውጤቱን ልንገራችሁ። 23:04 ላይ አንድ የክፍያ ጥያቄ አለ፤ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ያው የማጣቀሻ ቁጥር ያለው ጥያቄ እንደገና ገብቷል። መሐላቸው ላይ «ምላሽ በጊዜው አልደረሰም» የሚል መስመር አለ። የስልኩ መተግበሪያ መልስ ሲዘገይበት ራሱ ደግሞ ልኮታል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ቁጥሩ አንድ መሆኑን ሳያይ ሁለቱንም አስተናግዷል። ደንበኛው እውነቱን ነበር። ሁለቱን መስመሮች በኤምና በትእምርተ ጥቅሱ እየተመላለስኩ ነው ያስተያየሁት፤ ጋሽ መዝገቡ፣ ያችን ያስተማሩኝን አልረሳትም።

አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ዲስኩ 97 በመቶ ሞልቷል። ሎጉን በ«አርኤም» ላጥፋው?

ደረቅ ዲስክ

አይሆንም! «አርኤም» ብትዪው ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ ዲስኩ ግን አንዲት ሜጋባይት አይለቅም። የክፍያው ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘው ስለሆነ እሱ እስኪዘጋ ወይም እንደገና እስኪነሳ ድረስ 38 ጊጋባይቱ በማይታይ ፋይል ውስጥ ተይዞ ይቀመጣል፤ አንቺ ደግሞ የት እንደገባ ስትፈልጊ ታድሪያለሽ። እንዲህ ያሉትን ስም አልባ ፋይሎች «ኤልሶፍ +ኤል1» ያሳይሻል፤ ኤሏ ትልቋ ናት።

መጀመሪያ አቤቱታ ያለባቸውን ሰዓቶች ሰው በአሽበርን ባሳየሽ መንገድ ቆርጠሽ ወደ ሌላ ማሽን ላኪ፤ ነገ ኦዲተር ሲጠይቅ የምታሳዪው እሱን ነው። ሙሉውንም ማቆየት ካለባችሁ በጂዚፕ እየጨመቅሽ በኤስኤስኤች ወደ ውጭ አፍስሺው፤ ሎግ ተመሳሳይ ቃል ስለሚደጋግም በጣም ይቀንሳል፣ ዲስኩም ላይ ተጨማሪ ቦታ አይጠይቅም። ከዚያ «ትራንኬት -ኤስ 0 ፔይመንት.ሎግ»። ፋይሉ እዚያው ሆኖ ባዶ ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ሳይቋረጥ መጻፉን ይቀጥላል።

ጋሽ መዝገቡ

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮግራሙ ፋይሉን የከፈተው መጨረሻው ላይ እየጨመረ ለመጻፍ ካልሆነ፣ ከባዶነት በኋላም መጻፍ የሚቀጥለው ድሮ የነበረበት 38ኛው ጊጋባይት ላይ ነው። ያኔ «ኤልኤስ -ኤል» አሁንም 38 ጊጋባይት ይላል፤ «ዲዩ» ግን ጥቂት ኪሎባይት ይላል። አትደንግጪ፤ ትክክለኛውን የዲስክ ፍጆታ የሚናገረው «ዲዩ» ነው፤ ፊቱ ያለው ዜሮ ባይት ብቻ ነው። «ሌስ» ሲከፍተው ግን እነዚያን ዜሮዎች ይደረድርብሻል፤ ትልቁን ጂ ተጭነሽ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሂጂ። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው የጥገና ሰዓት እንደገና ሲነሳ ይስተካከላል፤ ለዚያው ሰዓት ሎግ እየከፋፈለ የሚያስቀምጠውን «ሎግሮቴት»ን በየቀኑ እንዲቆርጥ አድርገሽ አዘጋጂው። የሚጻፈውን በቀጥታ የምትከታተዪም ከሆነ ከዚያ ወዲህ «ቴይል»ን በትልቁ ኤፍ ጥሪው፤ ትንሹ ኤፍ ስሙ የተለወጠውን አሮጌ ፋይል ይዞ ይቀራል።